ልጅን ማዕከል ያደረገ ክፍል በባሕር ዳር፤ ከሐምሌ ዝግጅት እስከ 1ኛ ክፍል መሸጋገሪያ

ይህ መመሪያ ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉ 20 ልጆችን በአንድ ክፍል፣ በአንዲት መምህርትና በአንዲት ረዳት ለመያዝ ላሰቡ ሰዎች ነው። ዝግጅቱ ሐምሌ ላይ ይጀመራል፤ ልጆቹ መስከረም ላይ ይገባሉ፤ ክፍሉ መስመር የሚይዘው ግን ኅዳር አካባቢ ነው። ይህን ከወዲሁ ካላወቃችሁ ጥቅምት ላይ «አልሆነም» ብላችሁ ወደ ጥቁር ሰሌዳና ወደ ኅብረት ጩኸት መመለሳችሁ አይቀርም።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ክፍል ሲባል ከውጭ የመጣ ውድ ዕቃ ወይም ልጆች እንዳሻቸው የሚፈነጩበት ቤት ይመስለዋል። ሁለቱም አይደለም። ልጁ ምን እንደሚሠራ ራሱ ይመርጣል፤ ከምን ከምን እንደሚመርጥ፣ ዕቃው የት እንደሚቀመጥ፣ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ግን አዋቂው አስቀድሞ ወስኗል። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን የልጆች ቤት ሮም ላይ በ1907 እ.ኤ.አ. ስትከፍት፣ የዋልዶርፍ ትምህርት መሥራች ሩዶልፍ ሽታይነርም በ1919 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሽቱትጋርት ላይ የራሱን ትምህርት ቤት ሲጀምር፣ በብዙ ነገር ቢለያዩም ትናንሽ ልጆች በእጃቸው እየሠሩ እንዲማሩ በማድረግ ይገናኛሉ። የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ልጆች ማደባለቅማ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በየኔታ ደጅ ዳዊት የደረሰው ልጅ ፊደል ቆጣሪውን ሲያስቆጥር ኖሯል። አለንጋውን ትታችሁ ያንን ውሰዱ።

ቤቱ

የፈቃድ መስፈርቱን ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ውሰዱ። ተከራይቶ ከዚያ መጠየቅ ብዙ ሰው ያከሰረ ቅደም ተከተል ነው።

ለአንድ ልጅ 2 ካሬ ሜትር አስቡ፤ ለ20 ልጅ 40 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 5 በ8 የሆነ ክፍል ይበቃል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ኮርኒሱን እዩ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት በመጋቢትና በሚያዝያ እንደ ምድጃ ይግላል፤ በመስከረም ዝናብ ደግሞ የሰው ድምፅ አያሰማም። መምህርቷ ትጮኻለች፣ ልጆቹ ከእሷ በላይ ይጮኻሉ፣ ቀኑ ይበላሻል። ኮርኒስ ለማሠራት ገንዘብ ካጠረ አቡጀዲ ወጥሮ መግጠም ሙቀቱን ትንሽ ይቀንሳል፤ ለዝናቡ ጩኸት ግን እምብዛም አይረዳም። መጸዳጃ ቤቱም አንድ የ4 ዓመት ልጅ ብቻውን ሄዶ የሚመለስበት ርቀት ላይ ይሁን። በሩን ከውስጥ የሚቆልፈውን መቀርቀሪያ አስነሡት።

ለእንጨት ሥራ ቤቱ የምትሰጡት ልክ ይህ ነው፦ መደርደሪያ ቁመቱ 80 ሴ.ሜ.፣ ጥልቀቱ 30 ሴ.ሜ.፣ ጀርባው በብሎን ከግድግዳ የሚታሰር፤ ጠረጴዛ 50 ሴ.ሜ.፤ ወንበር ከ28 እስከ 30 ሴ.ሜ.። ወንበሩ ልጁ አንሥቶ የሚወስደው ቀላል ይሁን። 20 ወንበር አታሠሩ፤ ግማሹ ልጅ ሁልጊዜ ወለል ላይ ስለሚሠራ 12 ይበቃል። ለወለሉ ከገበያ ሰሌን ገዝታችሁ 70 በ110 ሴ.ሜ. አድርጋችሁ ቁረጡና ጠርዙን በጨርቅ አሰፉት፤ ያልተሰፋ ሰሌን በወሩ ይተረተራል። ልጁ የራሱን ሰሌን ሲዘረጋ ያ ስፍራ የእሱ ነው፤ ማንም አይረግጠውም። አንድ ሳምንት ሙሉ ሌላ ነገር ሳታስተምሩ ሰሌን መዘርጋት፣ መጠቅለልና ዙሪያውን መራመድ ብቻ ብታስተምሩ ጊዜ አላባከናችሁም። ከዚያ በኋላ ከሚመጣው ጠብ ግማሹን እዚሁ አስቀርታችኋል።

ለእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ያለው የ20 ሊትር ባልዲ 55 ሴ.ሜ. ከፍታ ላይ አስቀምጡ። 20 ልጅ በቀን 4 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ሲታጠብ 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ይሆናል። ውሃ የሚጠፋበት ቀን ስላለ ክዳን ያለው በርሜል ሞልታችሁ አቆዩ። የሚጠጣው በሌላ ዕቃ ይቀመጥ፤ በውሃ አጋር የምታክሙት ከሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የውሃ ሥራ ሳህኖች ማታ ማታ ይደፉ፤ ወባ ባለበት አገር ያደረ ውሃ አይተውም።

ዕቃዎቹ

መደርደሪያው ሲሞላ ወደ 40 የሚጠጋ ሥራ ይይዛል፤ መስከረም ላይ ግን 12 ብቻ አውጡ። እያንዳንዱ ሥራ ከነሙሉ ዕቃው በአንድ ትሪ ላይ ይቀመጥ፤ ከአንድም ዓይነት ሁለት አታድርጉ። ልጁ ጓደኛው እስኪጨርስ መጠበቅን የሚማረው አንድ ብቻ ስለሆነ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ወራት አብዛኛው ዕቃ ከወጥ ቤትና ከገበያ ይገኛል፦ ሽንብራና ባቄላ መለየት፣ በወንፊት መንፋት፣ በትንሽ ሙቀጫ ድፍን ጨው መውቀጥ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ጫማ መጥረግ፣ የተክል ቅጠል መወልወል፣ ጥጥ ከፍሬው መለየት። ለ6 ዓመቶቹ ስፌት ጨምሩ፤ በአክርማ የምትጀመር የመዳፍ ስፋት ያላት መክደኛ ጣትን ለጽሕፈት የምታዘጋጀውን ያህል የትኛውም የነጥብ ማያያዣ ወረቀት አያዘጋጅም። ለቁጥር ገበጣ አለ፤ ጠጠሩን አንድ ባንድ እየጣሉ መዞር ልጁ ቁጥርን በቃሉ ከመደርደር ወጥቶ እያንዳንዷን ጠጠር ከአንድ ቁጥር ጋር እንዲያጋጥም ያስገድደዋል። ጨው መውቀጡን ደግሞ ተናዶ ለገባ ልጅ አስታውሱት።

ውሃ መቅዳት ቀላል ይመስላል፤ በብዛት የሚበላሸውም እሱ ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት ጆጎችና አንድ ስፖንጅ በትሪ ላይ አድርጉ፤ ውሃው ከአንዱ ጆግ ግማሽ አይለፍ። ስስ ፕላስቲክ አትጠቀሙ፤ ባዶው ስለሚቀል ይገለበጣል። ስታሳዩ አትናገሩ። እጅም አፍም ባንድ ጊዜ ሲሠሩ ልጁ የሚያየው አፋችሁን ነው። ቀስ ብላችሁ ቅዱ፣ የጆጉን አፍ የመጨረሻ ጠብታ በስፖንጅ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ቅዱ፣ ትሪውን ወደ ቦታው መልሱና ሂዱ። ሲያፈስ ሮጣችሁ አትጥረጉለት፤ ስፖንጁ እዚያ የተቀመጠው ለእሱ ነው።

ከጥራጥሬ ጋር አንድ አደጋ አለ። ባቄላና አተር አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባሉ። ከገባ ውሃ አታፍሱበት፤ ፍሬው ያብጣል። በመቆንጠጫም አትጎርጉሩ፤ ወደ ውስጥ ይገፋል። ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ይህን የሚያደርጉት በአብዛኛው ትናንሾቹ ስለሆኑ 4 ዓመት ላልሞላው ወንድም ወይም እኅት በራችሁን ስትከፍቱ ጥራጥሬውን ከፍ አድርጉ። በምሳ ዕቃ የሚመጣ ኦቾሎኒና የሽንብራ ቆሎም ትንታ ስለሚያመጣ ከ5 ዓመት በታች ላሉት ይቅር።

ፊደል በጣት

ከገበያ የምትገዙት የፊደል ገበታ 33ቱንም ቤት ከነሰባት ዘራቸው፣ 231 ቅርጽ፣ በአንድ ጊዜ ልጁ ፊት ይደቅናል። ልጁ በዜማ ይወጣዋል፤ «ቡን አሳየኝ» ሲባል ግን ከ«በ» ጀምሮ እየዘመረ ካልደረሰ አያገኘውም። በጣት የሚዳሰሱ ሰሌዳዎች ይህን ያስቀራሉ፤ አሠራራቸው እነሆ።

15 በ20 ሴ.ሜ. የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ፣ ቁጥር 120 የሆነ ብርጭቆ ወረቀትና ኮላ አዘጋጁ። ቁጥር 80 ሻካራ ነው፤ ልጁ ሁለቴ ዳስሶ ይተወዋል። ፊደሉን 12 ሴ.ሜ. ቁመት፣ 1.5 ሴ.ሜ. የመስመር ውፍረት አድርጋችሁ በወረቀት ንደፉ። ንድፉን በብርጭቆ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ስታሳርፉ ገልብጡት፤ ካልገለበጣችሁት ተቆርጦ ሲዞር የመስታወት ፊደል ይሆናል። «ረ»ን አበላሽቶ ወረቀት ያልጣለ ሠሪ ጥቂት ነው። በአሮጌ መቀስ ቁረጡ፤ አዲሱን ይዶለዱመዋል። ከለጠፋችሁ በኋላ ከባድ ነገር ጭናችሁ አሳድሩት፤ አለበለዚያ ጠርዙ ይነሣል፣ ልጆቹም ይልጡታል።

የትኞቹን ፊደላት ቀድማችሁ እንደምታወጡ ከዕቃው ይበልጣል። ከሀ ሁ መጀመር ግዴታ አይደለም። ለ፣ በ፣ ሰ፣ ረ፣ ነ፣ ከ፣ ፈ እና ገ ይዛችሁ ጀምሩ። አማርኛ እዚህ ላይ ቸር ነው፤ የሩቅ ወንድ ግሦች ብዙዎቹ በግዕዝ ቤት ብቻ ይጻፋሉ። በእነዚህ 8 ፊደላት ብቻ ለበሰ፣ ሰበረ፣ በረረ፣ ነገረ፣ ነከሰ፣ ከፈለ፣ ፈሰሰ ይነበባሉ። ልጁ ካዕብና ሣልስ ሳያውቅ ቃል አንብቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለንና ሰን ግን በአንድ ቀን አትስጡ፤ ይምታታሉ። ሰና ሸ፣ ደና ጀ፣ ነና ኘ፣ ተና ቸ በራሳቸው ላይ ባለች ጭረት ብቻ፣ ጠና ጨ ደግሞ በእግራቸው ላይ ባሉ ትናንሽ ቀለበቶች ብቻ ስለሚለያዩ ሁለተኛውን የምታመጡት የመጀመሪያው ከረጋ ቢያንስ ከ3 ሳምንት በኋላ ነው።

አሰጣጡ በሦስት እርከን ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ብቻ ይዛችሁ ከአንድ ልጅ ጋር ተቀመጡ። በመጀመሪያው በአመልካችና በመሀል ጣታችሁ እየዳሰሳችሁ «ይህ ረ ነው» በሉና እሱም ይዳስስ። በሁለተኛው «ረን ስጠኝ፣ በን መስኮቱ ጋ አስቀምጥልኝ» በሉ፤ ይህን አብዝታችሁ ተጫወቱት። በሦስተኛው ብቻ «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እዚህ ላይ ከሳተ «አይደለም» አትበሉ፤ ዕቃውን ሰብስቡ፤ ሌላ ቀን ከመጀመሪያው እርከን ጀምሩ። የሳተው ሁለተኛውን እርከን ስላቻኮላችሁት ነው።

ማለማመድ

20 ልጆችን መስከረም ላይ በአንድ ቀን አታስገቡ። በየሳምንቱ 5 ልጅ አስገቡ፤ በአራት ሳምንት ክፍሉ ይሞላል። መጀመሪያ የሚገቡት 6 ዓመት የሞላቸው ይሁኑ፤ ኋላ የሚመጡትን ትናንሾች እነሱ ይቀበላሉ።

በመጀመሪያው ቀን እናት ወይም አያት ከልጁ ጋር አንድ ሰዓት ትቀመጥና አብረው ይሂዱ። በሁለተኛው ቀን 15 ደቂቃ ወጥታ ትመለስ። በሦስተኛው 40 ደቂቃ። ከዚያ ልጁ እንደቻለ ይረዝማል። በዘመድም በጎረቤትም የሚመከረው «ሳያይሽ ሹልክ በይ፣ ይረሳዋል» የሚለው ነው፤ ልጁ አይረሳም፣ ይልቁንስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኑን ከበሩ አይነቅልም። ተሰናብታው ትሂድ፣ ስንብቱ አጭር ይሁን፣ የምትመለስበትን ልጁ በሚገባው ምልክት ትንገረው፦ «ምሳ በልታችሁ ስትጨርሱ እመጣለሁ።» ባለችው ሰዓት ትምጣ። ካረፈደች የሁለት ሳምንት ልፋት ይፈርሳል።

ቀኑ

ልጆቹ ከ2:00 እስከ 2:30 ይገባሉ። መምህርቷ በር ላይ በርከክ ብላ እያንዳንዱን በስሙ ትቀበላለች። ይህ ሰላምታ ብቻ አይደለም፤ ዓይኑ ያበጠ፣ ትኩሳት ያለው፣ ቁርስ ያልበላ፣ ያልተኛ ልጅ የሚታወቀው እዚህ ነው። ቁርስ ያልበላውን በዝምታ ወደ ረዳቷ ላኩት፤ ቁራሽ ዳቦና ውሃ ሁልጊዜ ይኑር። የራበው ልጅ እስከ 4:00 ድረስ ሰው ይመታል፤ እናንተም ጠባዩን ስትመክሩ ትውላላችሁ።

ከ2:30 እስከ 5:00 የሥራ ጊዜ ነው፤ አይቆራረጥም። በመጀመሪያው ወር 45 ደቂቃ ይበቃል፤ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ጨምሩ። መክሰስ ለሁሉም በደወል አይሁን፤ ሁለት ወንበር ያለው አንድ ጠረጴዛ አስቀምጡና የራበው ሄዶ በልቶ ሳህኑን አጥቦ ይመለስ። ከጀመሩ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሞላ ክፍሉ ይታመሳል፤ ልጆች ይነሣሉ፣ ይንጫጫሉ። አዲስ መምህራን እዚህ ላይ ደንግጠው ሁሉንም ወደ ውጭ ያወጣሉ። አታውጡ። ሁለቱን በጣም የረበሹትን ብቻ ወደ ከባድ ሥራ፣ ውሃ ወደ መሸከም ወይም ወለል ወደ መወልወል ምሯቸው፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ውስጥ ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ ከሁሉም የጠለቀው ነው።

ከ5:00 ጀምሮ ውጭ፣ ከዚያ ተረት፣ 6:15 ላይ ምሳ። ምሳ በጋራ የምታበስሉ ከሆነ ሽሮ፣ ምስርና አትክልት ይሁን፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ ይበላል፣ የጾም ቀንም አያስቸግርም። እስከ 8:00 ዕረፍት፤ ያልተኛውን አታስገድዱ፣ ጋደም ብሎ ሥዕል ይይ። 9:00 ላይ ቀኑ ያበቃል። ልጁን ማን እንደሚወስደው በወረቀት ይመዝገብ፤ በባጃጅ የሚሄድ ከሆነ የሹፌሩ ስምና ስልክ ጭምር።

ምልከታ

መምህርቷ በቀን 10 ደቂቃ ቁጭ ብላ ሦስት ልጆችን ብቻ ትመልከት፤ በሳምንት ከግማሽ በላዩ ይዳረሳል። የምትጽፈው ያየችውን እንጂ የመሰላትን አይደለም። «ሰነፍ ነው፣ አይቀመጥም» ምንም አይጠቅምም። «ሽንብራውን ለ12 ደቂቃ ለየ፤ ጓደኛው ሲጠራው አልተነሣም፤ ጠብታውን ሲጠርግ ግራ እጁን ተጠቀመ» የሚለው ነገ ምን እንደምታቀርብለት ይነግራታል። ግራ እጁን ለሚጠቀም ልጅ እጁን አታስቀይሩት።

ጠብ፣ ለቅሶና ቅጣት

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 መሠረት ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቀ ነው። ማንበርከክ፣ ጆሮ መቆንጠጥና ፀሐይ ላይ ማቆምም ያው ናቸው። «ጅብ ይበላሃል፣ ለፖሊስ እሰጥሃለሁ፣ መርፌ አስወጋሃለሁ» የሚሉት ማስፈራሪያዎችም ከበር ውጭ ይቅሩ፤ በመርፌ ያስፈራራችሁትን ልጅ ክትባት ቀን ማን ይይዘዋል?

አንዱ ሌላውን ሲመታ እጁን ያዙ፤ አትጨብጡ። በመጀመሪያ የተመታውን እዩ። ከዚያ ሁለቱንም ሰሌን ላይ አስቀምጡና አንድ ትንሽ በትር ስጧቸው፤ በትሩን የያዘ ይናገራል፣ ሌላው እንደ ሽምግልና ወግ አያቋርጥም። እናንተ ያሉትን ብቻ መልሳችሁ ተናገሩ፦ «ትሪውን ስለወሰደብህ ተናደድክ። አንተ ደግሞ የጨረሰ መስሎህ ነበር።» ከዚያ «አሁን ምን ይሻላል?» በሉ። «ይቅርታ በል» ብላችሁ አታስገድዱ፤ የተመታውን ውሃ ማጠጣት ወይም የፈረሰውን አብሮ መሥራት ከአፍ ይቅርታ ይበልጣል። ሁሉ ነገር ከ5 ደቂቃ አይለፍ። ለሚያለቅስ ወንድ ልጅ «ወንድ አያለቅስም» የምትል ረዳት ካለች ለብቻ አነጋግሯት።

ፍርሃት ያለበት ልጅ

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በዘለቀው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ወደ ከተማው ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦችም አሉ። በክፍላችሁ ተኩስ የሰማ ልጅ ይኖራል ብላችሁ ተዘጋጁ። በር ሲላተም ወይም ሞተር ሳይክል ሲያፏጭ መደንበር፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ እንደገና መጀመር፣ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ማለት፣ ከረዳቷ ቀሚስ አለመላቀቅ፣ የተኩስ ጨዋታን ያለማቋረጥ መደጋገም ምልክቶቹ ናቸው።

«ምን አየህ? ንገረኝ» ብላችሁ አትመርምሩት። ራሱ ከተናገረ አዳምጡ፤ ጨዋታውንም ሰው እስካልጎዳ አትከልክሉ። ከሁሉ በላይ የሚረዳው ቀኑ የሚገመት መሆኑ ነው፦ ያው በር፣ ያቺው ሰው፣ ያው ቅደም ተከተል። ሲደነግጥ ከጎኑ ተቀምጣችሁ አብራችሁ ተንፍሱ፤ «ትኩስ ሻይ ይዘናል፣ እናሽትተው፣ አሁን እናብርደው» ብላችሁ በአፍንጫ አስገብታችሁ በአፍ በቀስታ አስወጡ፣ አምስት ጊዜ። ምልክቱ ከወር በላይ ከቆየ፣ መብላት ወይም መናገር ካቆመ፣ ራሱን ከጎዳ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግራችሁ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ አድርሱት። ይህ የመምህር ሥራ አይደለም።

መንገድ ለሚዘጋበት ቀን የወላጆችና የጎረቤት ስልክ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይኑር፤ ኔትወርክም ስለሚጠፋ የትኛው ልጅ በእግር ማን ቤት ሊደርስ እንደሚችል አስቀድማችሁ ከወላጆች ጋር ተስማሙ።

ወደ ሐይቁ ስትወጡ

ለ4 ልጅ አንድ አዋቂ። ጣናን ከዳር ሆነው ይዩት እንጂ እግራቸውን አይንከሩ፤ ቢልሃርዝያን የምታመጣው ትል ከቀንድ አውጣ ወጥታ በቆዳ በኩል በደቂቃዎች ውስጥ ትገባለች። በፎጣ ቶሎ መጥረግ ይረዳ ይሆናል እንጂ አያስተማምንም። ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ጉማሬ ስላለ በዚያ በኩል ወደ ቄጠማው አትጠጉ። ከታንኳ ሠሪ የደረቀ ደንገል ገዝታችሁ ተመለሱ። አንዱን አገዳ ቆርጣችሁ አስዳስሷቸው፤ ክብ ሳይሆን ሦስት ማዕዘን መሆኑን ራሳቸው ይድረሱበት። 40 ሴ.ሜ. የሆኑ ስድስት አገዳዎች ሁለት ቦታ ታስረው የመጫወቻ ታንኳ ይሆናሉ፤ በባልዲ ውሃ ላይ ስንት ጠጠር እንደምትችል መቁጠር የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

ወላጆችና 1ኛ ክፍል

ጥቅምት ላይ «ደብተሩ ባዶ ነው፣ እንግሊዝኛው የታለ» መባሉ አይቀርም። በቃል አትከራከሩ። አንድ ወላጅ በቀን ለ30 ደቂቃ ጥግ ላይ ወንበር ይዞ ያለንግግር ይመልከት፤ ስብሰባውን እሑድ ከሰዓት አድርጉ። ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ማኅደር ክፈቱ፤ በወር ሁለት ሥራ ከነቀኑ ይግባበት።

ዘንድሮ 1ኛ ክፍል ለሚገቡት ከሚያዝያ ጀምሮ የተለየ ልምምድ ስጡ። የሚሄዱበት ክፍል ሰፊ ቁጥር ያለው፣ ወደ ሰሌዳ የዞረ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ በወንበር መቀመጥ፣ እጅ አውጥቶ መጠበቅ፣ ከሰሌዳ ወደ ደብተር መገልበጥ ይለማመዱ፤ ቅጣት አይደለም፣ «የትልቅ ትምህርት ቤት ጨዋታ» ነው በሏቸው። ሰኔ ላይ ልጁን ይዛችሁ ትምህርት ቤቱን አንድ ጊዜ አሳዩት፤ መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ፣ ውሃ ከየት እንደሚጠጣ፣ ሲከፋው ማንን እንደሚጠራ አውቆ ይመለስ።